ልጁ ታስሯል፣ አባቱ መጥቶ ይፈርም

የመጀመሪያ ልጄ ገና ስም ሳይወጣለት ታሰረ። ይህን ስናገር የዛሬ ልጆች ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ በደርግ ጊዜ ያልታሰረ ማን አለ ብለው ሊያዝኑልኝ ይሰናዳሉ። የሱ እስር ሌላ ዓይነት እስር እንደነበር እስካስረዳ ድረስ የያዙት ሻይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ።

የተወለደው አጋሮ ነው፣ በቡና ለቀማ ወራት። እኔ አስተማሪ ነበርኩ፤ ባለቤቴ አንድ ቡና መፈልፈያ ቤት ሚዛን ላይ ይሠራል። ልጄ ጤነኛና ድምፃም ነበር። ጡቴን ይዞ ይጎትታል፣ ይተፋል፣ ደግሞ ይጎትታል። አንድ ነገር ብቻ አላደረገም። ሬዲዮ ላይ የሚናገሩ ሰዎች ዓይነ ምድር ይሉታል፤ እኛ ቤት ስሙ ካካ ነው። አራስ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያወጣው ያ ጥቁር፣ ዝልግልግ ነገር አልመጣም።

መጀመሪያ እኔ ተጨነቅሁ። በማግስቱ አማቴ ተጨነቁ። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ተጨነቀ። አራስ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው “እንኳን አላህ በሰላም አገላገለሽ” ማለቱን ትቶ ከደጅ ጀምሮ “ወጣለት?” ይላል። ባለቤቴ ሥራ ቦታ ጆንያ ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን ሚዛን ላይ እያሳረፉ “ወጣለት?” ይሉታል። የቀበሌው ሊቀመንበር ስለ ምርት ዘመቻ በጠራው ስብሰባ ላይ ባለቤቴን ፊት ለፊት ሲያየው ንግግሩን አቋርጦ፣ “ጓድ፣ እስካሁን ምንም የለም?” አለው። ተሰብሳቢው ሁሉ ዞሮ አየው። ባለቤቴ ብድግ ብሎ “ምንም የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር” አለና ተቀመጠ። ስብሰባው ቀጠለ።

ከጭንቀቱ ጋር ክርክር መጣ። አማቴ ልጁ እንደተወለደ ለጋ ቅቤ አውጠውታል፤ በሳቸው ቤት ቅቤ ያልዋጠ ልጅ አንጀቱ አይለሰልስም። የባለቤቴ አጎት ደግሞ ተምር አላምጠው ላንቃውን አሽተውለታል፤ እሱም ሱና ነው። የልጁ ሆድ መነፋት ሲጀምር አጎትየው ጥፋቱን ቅቤው ላይ ጣሉ። አማቴ ለቅቤያቸው ዘብ ቆሙ። ጎረቤቴ፣ ከከምባታ መጥታ አጋሮ የከተመች ጴንጤ ሴት፣ የማንም ወገን ሳትሆን “ምናልባት የተምሩ ፍሬ አብሮ ወርዶ እንዳይሆን” ብላ ጣልቃ ገባች። አጎትየው ይህን ሲሰሙ ጫማቸውን ግራና ቀኝ አዘዋውረው አጥልቀው ወጡ። እኔ መሐላቸው ተኝቼ፣ የሰው ሁሉ አንጀት የሚሠራ፣ የልጄ ብቻ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አረንጓዴ አስታወከ። ቢጫ አይደለም፣ ነጭም አይደለም፣ እንደ ቅጠል አረንጓዴ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆዱን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ “ጅማ” አለ። ልጁን ጠቅልዬ ተነሳሁ።

ባለቤቴ ሊሸኘኝ አልቻለም። በለቀማ ወራት ያለ ፈቃድ ሚዛን ጥሎ የሄደ ሰው የኢኮኖሚ አሻጥር ፈጸመ ይባላል፤ ፈቃድ የሚሰጠው ሰውዬ ደግሞ እሱ ራሱ ስብሰባ ላይ ነበር። ስለዚህ ያቺ ጎረቤቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ “እኔ አለሁ” አለች። በጭነት መኪና ጋቢና ተጨናንቀን ወጣን።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ያን ጊዜ ቡና ከመንግሥት እጅ ውጪ ንቅንቅ እንዳይል ይጠበቃል፤ ሰዉ ደግሞ ያነቃንቀዋል። በጆንያ ሲያዝበት በትራስ፣ በትራስ ሲያዝበት ሴቶች እንደ አራስ ልጅ አቅፈው ያሳልፉታል። የኬላው ጠባቂ በዚህ ተቃጥሏል። ጆንያ የሚወጋበትን ሹል ብረት ይዞ ወደኛ መስኮት መጣ።

“ጓዲት፣ የታቀፍሽው ምንድን ነው?”

“ልጅ ነው።”

“ሁሉም ልጅ ነው የሚሉኝ።”

“ያን ብረት ካስጠጋኸው ጣትህን እነክሰዋለሁ” አልኩት። አራስ ሴት እንደምትነክስ ያውቅ ይሆናል፣ ብረቱን ወደ ኋላው አደረገው። ልጁን ገልጬ አሳየሁት። ፊቱ የቡጢ ያህል ነው፣ ሆዱ ግን ከበሮ ሆኗል። ጠባቂው ሁለቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን አላመነም መሰለኝ፣ ቡናውን ሊዳስስ ጣቱን ሆዱ ላይ አሳረፈ። ልጄም ያን አረንጓዴ እጅጌው ላይ ለቀቀበት። ሰውዬው እጅጌውን አየ፣ ልጁን አየ፣ እኔን አየ።

“ምን በልቶ ነው?”

“ምንም አልበላ። አልወጣለትም እንጂ።”

ጠባቂው ገመዱን ሮጦ ራሱ ዝቅ አደረገልን። መኪናው ሲነሳ ከኋላችን “ስትመለሱ ወጥቶለት እንደሆነ ንገሩኝ” ሲል ሰማሁት።

ሆስፒታሉ ልጄን ቶሎ ተቀበለው። በአፍንጫው ቱቦ አስገቡለት፣ ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ ራጅ አነሱት። ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ቀጭን ስለሆነ ጋዋኑ የሌላ ሰው ይመስላል። ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ ሲያየው ፊቱ በራ።

“ብርቅ ነው” አለ።

ልጄን ያደነቀልኝ መስሎኝ “አላህ ይጠብቅልኝ” አልኩ። እሱ ግን የሚያወራው ስለ በሽታው ነበር።

“አንጀቱ ተዘግቷል። ብዙ ጊዜ አራስ ልጅ ላይ እንዲህ ሲሆን አንጀቱ መሐል ላይ ተቋርጦ ስለተፈጠረ ነው፤ ወይም ተጠማዝዞ ነው። ይሄኛው እንደሱ አልመሰለኝም።” ራጁን ገለበጠው። “አንዳንዴ የመጀመሪያው ካካ ራሱ ደርቆ እንደ ቡሽ ይወትፈዋል። አንዳንዴ አንጀቱ ነርቭ ሳይኖረው ይፈጠራል፤ ሁሉም ነገር አለ፣ የሚገፋው ግን የለም። ደግሞ በጣም አንዳንዴ፣ እኔ በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፣ ቆሽት አንጀቱን እንደ ቀለበት ይከበዋል።”

ቆሽት ሲያር እንጂ ቀለበት ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። የኔው ግን እዚያው ቆሜ እያረረ ነበር።

“ታዲያ የኔ ልጅ የትኛው ነው?” አልኩት።

“ሳንከፍት አናውቅም” አለና ተማሪዎቹን ጠራ። ነጭ ለብሰው አልጋውን ከበቡት። አንዱ ምክንያቶቹን በቃሉ ይወጣቸዋል፣ አንዷ ከፊቱ ቀድማ ትጨርስለታለች፣ ከኋላ ያለው አንገቱን ያሰግጋል። አስተማሪ ነኝና ያጠናው ጥያቄ ፈተና ላይ የወጣለት ተማሪ ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሁሉም ያን ፊት ነበራቸው። አንዷ ሆዱን ልንካው ብላ ስትጠይቀኝ “ወረፋ ያዢ” አልኳት። የምር መስሏት ከኋላ ሄዳ ቆመች።

ተማሪዎቹ ሲሄዱ ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እህቴ፣ አንጀቱ ታስሯል። ዛሬ፣ ሳይመሽ ካልከፈትነው ይሞትብናል። የአባት ፊርማ ያስፈልገኛል። ደምም ያስፈልገኛል፤ ከአራስ ደም አልወስድም።”

“ፊርማውን እኔ እፈርማለሁ።”

“ደንቡ አባት ነው የሚለው።”

“የተሸከምኩት እኔ፣ የወለድኩት እኔ።”

“እኔ አውቃለሁ” አለ። “ደንቡ አያውቅም።”

ልጄ ያን ጊዜ ማልቀስ አቁሞ ነበር። ሲጮህ የነበረ ልጅ እንደ ሽማግሌ ግንባሩን ቋጥሮ ጣራ ጣራውን ያያል። ሲጮህ እንደዚያ አልፈራሁም። ጎረቤቴን “ሂጂ፣ ስልክ ደውይ፣ አባቱ ይምጣ” አልኳትና እግሯ ሥር ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

የጎረቤቴ ጸሎት ቤት ከተዘጋ ወዲህ እሷ የምትጸልየው በሹክሹክታ ነው። ስልክ ላይ ግን በዚህኛውም ዓለም በወዲያኛውም እንድትሰማ ሆና ነው የምትጮኸው። አጋሮ ስልክ ቤት ለነበረው ሰው “የልጁ አንጀት ታስሯል፣ አባቱ መጥቶ ይፈርም” አለችው። አልሰማም አላት። ደገመችለት። መስመሩ ይንሿሿል፣ ይቋረጣል፣ ይመለሳል። በመጨረሻ “ገባኝ፣ ገባኝ” አላት። በዚያ መስመር አንድ ቃል ቢጠፋ ማንም አይገርመውም። የጠፋው ግን “አንጀት” የሚለው ነበር።

ሰውዬው የሰማውን በታማኝነት አደረሰ፤ ልጁ ታስሯል፣ አባቱ መጥቶ ይፈርም። መልእክቱ አማቴ ቤት ሲደርስ ደግሞ ወደ ኦሮምኛ ዞረ፤ “ሙጫን ሂዸሜ”፣ ልጁ ታስሯል ተባለ። አማርኛው ያሳሳተውን ኦሮምኛው ሊያርመው አልቻለም። በሁለቱም ቋንቋ በገመድ መታሰርና ወህኒ መግባት አንድ ቃል ነው ያላቸው።

ከዚህ በኋላ አጋሮ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው፤ ከብዙ አፍ፣ ብዙ ጊዜ። ሰፈሩ ግቢያችን ተሰበሰበ። “ማል ታኤ?” ይላል የመጣው ሁሉ፤ ምን ሆነ? አጎትየው ኩርፊያቸውን ትተው መጡና ነገሩን ፈቱት። ያቺ ጴንጤ ሴትዮ ከልጁ ጋር ቡና ጠቅልላለች፣ ኬላ ላይ ተይዘዋል፣ ልጁ በኤግዚቢትነት ቀርቷል። ይህን ሰምቶ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሊቀመንበሩ ተጠርቶ መጣ። ሕፃን ይታሰራል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ጥቂት አሰበና “እኔ እስከማውቀው አይታሰርም፣ ግን ከላይ የመጣ መመሪያ ካለ አላየሁትም” አለ። ዋስ እንሁን የሚሉ ሁለት ሽማግሌዎች ተነሱ። የእስረኛው ስም ማን ነው ሲባል ስም የለውም። አንዱ አሁኑኑ እናውጣለት አለ። ሌላው ከለከለ፤ “ተዉት፣ ስም ከሌለው አይመዘግቡትም” አለ። ይህ ሐሳብ ብዙ ደጋፊ አገኘ።

ባለቤቴ ግን ከጠቅላላው መልእክት የሰማው አንድ ቃል ነበር፤ ይፈርም። ታላቅ ወንድሙን ከዓመታት በፊት ከሱቁ ሲወስዱት “ፈርመህ ትመለሳለህ” ነው ያሉት። ሱቁን እንኳ ገርበብ አድርጎት ነው የሄደው። አልተመለሰም፤ ሬሳውም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ደመወዝ ሲቀበል እንኳ ወረቀቱን ሦስቴ ሳያነብ አይፈርምም። አሁን ሁሉም ተገለጠለት። ሕፃኑን ማን ይፈልገዋል? የሚፈልጉት እሱን ነው፤ ልጁ ማጥመጃ ነው። የተሰበሰበውም ሰው በዚህ ተስማማ። አንድ ሾፌር ወደ ጌራ የሚሄድ መኪና አለኝ፣ ከዚያ ጫካው ይደብቅሃል አለው። አማቴ ስንቅ ቋጠሩ።

ባለቤቴ ከጓሮ ቡናው መሐል ገብቶ ብቻውን ቆየ። ሲወጣ ወፍራም ካፖርቱን ለብሷል፣ በዚያ ፀሐይ። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ይዟል። አማቴ ሲያዩት ሊታሰር እንደተሰናዳ ገባቸው። ካፖርቱን ጨምድደው ያዙት።

“አንዱን ወስደውብኛል፤ አንተን አልሰጥም” አሉት።

“እማዬ፣ ሦስት ቀኑ እኮ ነው” አላቸው። “እዚያ ማን ያቅፈዋል?”

ወደ ጌራ በሚሄደው አልተሳፈረም። በጅማው ሄደ።

ጅማ እንደደረሰ ቀጥ ብሎ የገባው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

“የታሰረ ልጅ አለኝ” አለ ለተረኛው።

“ስም?”

“የለውም።”

“ዕድሜ?”

“ሦስት ቀን።”

“ከታሰረ ነው?”

“ከተወለደ።”

ተረኛው ፖሊስ ዘመኑን የሚያውቅ ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ ለመማል አልደፈረም፤ ቁልፉን ይዞ ተነሳና ክፍሎቹን አንድ በአንድ አይቶ መጣ። “እኛ ጋ የለም” አለው። “ሆስፒታል ሄደህ ጠይቅ። ታመው እዚያ የሚጠበቁ እስረኞች አሉ።” ባለቤቴ አመስግኖ ወጣ። ሆስፒታሉ በር ላይ መሣሪያ የያዘ ዘበኛ ቆሟል። የታሰረው ልጅ አባት መሆኑን ሲነግረው ዘበኛው ክንዱን ያዘ። ወሬው ሆስፒታሉን አዳርሶት ነበርና፣ “አንተ ነህ እንዴ? ሲጠብቁህ ነው የዋሉት” አለው። በመተላለፊያው እየጎተተ አሮጠው።

ሐኪሙ በችኮላ ነው የተቀበለው። የሚፈርምበትን ዘረጋለት። “ፊርማህንና ደምህን ስጠን” አለው፣ “እኛ ልጁን እንፈታዋለን።” ባለቤቴ አላነበበም። ፈረመ። ከዚያ ካፖርቱን አውልቆ ክንዱን ሰጣቸው።

እኔ ይህን ሁሉ አላየሁም። ልጄን ታቅፌ ኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አባቱ መጥቶ ፈርሟል ብለው ከእጄ ወሰዱት። እጄ ባዶውን ሲቀር የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጎረቤቴ ከአጠገቤ ወደ ጌታዋ ትንሾካሾካለች፣ እኔ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሼ ያስተማርኩትን የማባዣ ሰንጠረዥ ጀመርኩ። ፈርቼ ነበር። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ስም ሳላወጣለት ቢሞት ምን ብዬ ነው የማለቅስለት እል ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሐኪሙ ወጣ። ጭንብሉን ዝቅ ሲያደርግ ያን የማውቀውን ፊት አየሁ።

“ክር ናት” አለኝ። “ሕፃን ማሕፀን ውስጥ እያለ ከእምብርቱ ወደ አንጀቱ የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። ሳይወለድ ትጠፋለች። የሱ አልጠፋችም፤ ደርቃ እንደ ክር ቀረች። አንጀቱ ሲዞር ገባባትና አነቀችው። እኛ ታሰረ የምንለው ለቋንቋው ነው፤ እሱ ግን እውነትም በገመድ ታስሮ ነው ያገኘሁት። ቆረጥኳት፣ ተፈታ።”

“ይኖራል?”

“ይኖራል።”

“ወጣለት?”

ሐኪሙ ራሱን ከፍ አደረገ። “ጓንቴ ላይ” አለ።

ጎረቤቴ ሹክሹክታዋን ረስታ እልል አለች። እኔ ሮጬ ወደ መተላለፊያው ወጣሁ፤ የወለድኩ መሆኔን ረስቼ ነው የሮጥኩት። ባለቤቴ መጨረሻው ላይ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ካፖርቱን መልሶ ለብሶ እስከ አንገቱ ቆልፎታል፣ ብርድ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ስንቁ እግሩ ሥር። ደም የሰጠበትን ክንዱን እንዳጠፈ ቀርቷል። ካፖርቱ በዚህ ሙቀት ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረኝም።

“ተፈታ” አልኩት። “አሁን ተፈታ። ደህና ነው።”

“አልሐምዱሊላህ” አለ። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ አለቀሰ። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሳ። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ሰጠኝ። የቤቱን ቁልፍ ሰጠኝ። ለእናቴ ወድጄ እንደሄድኩ ንገሪልኝ፣ አልመቱኝም በያቸው አለኝ። ምን እንደሚያወራ ግራ ገብቶኝ አፌን ከፍቼ አየዋለሁ። ብርድ ልብሱን ብብቱ ሥር አደረገና ልጁን ወደ ወሰዱበት በር ቀና ብሎ አየ።

“እኔ የምገባው በየት በኩል ነው?” አለኝ።